የአናጺዎቹ ቀለበት፦ ዛጎል በጊታር ደረት ላይ

ማርክኖይኪርሸን በጀርመን ሳክሶኒ፣ ከቦሄሚያ ድንበር አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን ያስጠራው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። በሃይማኖታቸው ምክንያት ከቦሄሚያ የተሰደዱ ፕሮቴስታንት ቫዮሊን ሠሪዎች ተጠልለውባት በ1677 የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቋሙባት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከመቶ አምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ ስደተኞች ያቋቋሙት ያ ማኅበር ራሱ ከሳሽ ሆኖ ተነሣ። የተከሰሱት የከተማዋ አናጺዎች ናቸው። ጥፋታቸው ጊታር መሥራታቸው ነበር።

ቫዮሊን ሠሪዎቹ ያቀረቡት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ እነርሱ የጥበብ ሰዎች ናቸው፤ አናጺ ግን የቤት ዕቃ እየገጣጠመ የሚኖር የእጅ ሠራተኛ ስለሆነ የሙዚቃ መሣሪያ ላይ እጁን ማሳረፍ የለበትም። ይህን ክርክር የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ባለ እጅን ዝቅ አድርጎ ማየት እኛም ዘንድ ሥር የሰደደ በሽታ ስለነበር ነው ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት።

አናጺዎቹ ዝም አላሉም። ጊታር ወደ አገራቸው ከገባ ገና ጥቂት ዐሥርት ዓመታት መሆኑን፣ ቫዮሊን ሠሪዎቹም በእርሱ ላይ የብቻ መብት እንደሌላቸው ተከራከሩ። እዩት ብለው ከጠቀሷቸው ሙያተኞች አንዱ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ነበር። በ1796 የተወለደ የአናጺ ልጅ ነው። ወደ ቪየና ሄዶ በስመ ጥሩው በዮሃን ጌኦርግ ሽታውፈር ወርክሾፕ ዓመታት ሠርቷል፤ የሠራተኞች አለቃ እስከ መሆንም ደርሷል። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ ስለ እርሱ ሲመሰክር፣ የማርቲን ጊታሮች በጥራትም በመልክም እንከን የማይወጣላቸው ናቸው አለ።

ነጋዴው ጥራትን ብቻ ሳይሆን መልክንም አብሮ ማንሣቱ ተገቢ ነበር። ጊታር መልኩን ያገኘው ከአናጺ ነው ብዬ አምናለሁ። ቫዮሊን በጠርዙ ላይ ከምትዞር ቀጭን ጥቁርና ነጭ መስመር በቀር ብዙ ጌጥ አይወድም። ጊታር ግን በደረቱ መካከል ባለው የድምፅ ቀዳዳ ዙሪያ ቀለበት አለው። ሠሪዎቹ ሮዜት ይሉታል። እንጨትን ቦርቡሮ ሌላ እንጨት፣ የዝሆን ጥርስ ወይም ዛጎል መክተት ደግሞ በአውሮፓ የቁም ሣጥንና የጠረጴዛ ሠሪዎች ጥበብ ነበር። ጊታር በተሠራ ቁጥር ያ የተናቀ ሙያ በመሣሪያው ደረት ላይ ይጻፋል።

ይህ ቀለበት ለድምፅ ያን ያህል የሚጨምረው ነገር የለም። አንዳንድ ሠሪዎች የቀዳዳው ጠርዝ የእንጨቱ ጭረት ተቆርጦ የቀረበት ደካማ ቦታ ስለሆነ ቀለበቱ ስንጥቅ እንዳይጀምር ያግዛል ይላሉ። እውነትነት ያለው ነገር ነው። ነገር ግን ስንጥቅ ለመከላከል ብቻ ቢሆን ከውስጥ በኩል አንድ ስስ እንጨት መለጠፍ ይበቃ ነበር። ሰው ለዚህ ቦታ ቀናት የሚፈጅ ሥራ የሰጠው ዓይን ሁሉ እዚያ ስለሚያርፍ ነው፤ ድምፁ ከዚያ ይወጣል፣ የተጫዋቹ እጅም እዚያው ላይ ይመላለሳል።

ለዚህ ሥራ የሚውለው ዛጎል በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ነጭ ወይም ወርቃማ ብርሃን የሚሰጠው የሉል ዛጎል ነው፤ በሉል እርባታ የሚታወቁት ትልልቅ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ማለት ነው። ሁለተኛው አባሎኒ ነው። አባሎኒ ከባሕር ቋጥኝ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ በቅርፊቱ ጠርዝ በተርታ የተደረደሩ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ያሉት ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ነው። ውስጡ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ሮዝ እየሆነ ይለዋወጣል። ጡንቻው ከቅርፊቱ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ደግሞ ቀለሙ የተጨማደደና የተወሳሰበ ነው። ጊታር ሠሪዎች ይህን ክፍል የአባሎኒ ልብ ብለው ለይተው ይፈልጉታል፤ ዋጋውም ከሌላው ይበልጣል።

ቀለሙ ማቅለሚያ የለውም። የዛጎሉ ውስጠኛ ሽፋን አራጎናይት ከሚባል የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን የተሠሩ፣ በመሶብ ውስጥ እንደ ተነባበረ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ እጅግ ስስ ንጣፎች ክምችት ነው። በንጣፎቹ መካከል ፕሮቲን አለ። የአንዱ ንጣፍ ውፍረት ግማሽ ማይክሮን ገደማ ሲሆን ይህም ከሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ጋር ይቀራረባል። ብርሃን ከላይኛውም ከታችኛውም ንጣፍ ተንጸባርቆ ሲመለስ ሞገዶቹ ይገናኛሉ፤ አንዱን ቀለም ያጎላሉ፣ ሌላውን ያጠፋሉ። ጊታሩ ትንሽ ዘንበል ሲል ቀለሙ የሚለወጠው፣ መቶ ዓመት ያለፈው ጌጥም ሳይደበዝዝ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰው ልጅ ይህን ውበት ከሙዚቃ ጋር ያጣመረው ጊታር ከመፈጠሩ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሊዮናርድ ዉሊ በ1920ዎቹ በደቡብ ኢራቅ በጥንታዊቷ ዑር ከተማ የነገሥታት መቃብር ሲቆፍር፣ ከ4500 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበሩ ባለ አውታር መሣሪያዎች አገኘ። ዓይነታቸው የእኛ በገናና ክራር ከሚመደቡበት ቤተሰብ ነው። እንጨቱ በስብሶ አልቆ ነበር። ዉሊ እንጨቱ ትቶት በሄደው ባዶ ቦታ ጀሶ እያፈሰሰ የአንዱን ቅርጽ አዳነ። ዛጎሉ ግን በሬንጅ እንደ ተጣበቀ ቆይቶ ነበር። ከእነዚህ መሣሪያዎች የበሬ ራስ ያለበት አንዱ ዛሬ በፊላደልፊያ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል፤ ከራሱ በታች ያሉት የዛጎል ሥዕሎች እንስሳት እንደ ሰው ግብር ሲያቀርቡና ሙዚቃ ሲጫወቱ ያሳያሉ።

በጃፓን ናራ ከተማ ያለው የሾሶይን ግምጃ ቤት ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ይዟል፤ ሙሉ አካሉ የተረፈ መሣሪያ። ንጉሠ ነገሥት ሾሙ ሲያርፉ ባለቤታቸው እቴጌ ኮምዮ በ756 ንብረታቸውን ለቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ሰጡ። ከስጦታው አንዱ ከቀይ ሰንደል እንጨት የተሠራ፣ ቢዋ የሚባል ባለ አምስት አውታር መሣሪያ ነው። ጀርባው በሙሉ በአበባ ቅርጽ በተቆረጠ ዛጎል የተሞላ ነው። ፊቱ ላይ ደግሞ በግመል የተቀመጠ ሰው ራሱ ቢዋ ሲጫወት በዛጎል ተሥሏል። አሥራ ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ዛጎሉ ዛሬም ያበራል። ከቻይና የታንግ ዘመን የተወረሰ ጥበብ ነው፤ እንዲህ ያለ ባለ አምስት አውታር ጥንታዊ ቢዋ ከዚህ ሌላ አልተረፈም።

ወደ ጊታር ስንመለስ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ጊታር አምስት ጥንድ አውታር ነበረው፤ የድምፅ ቀዳዳውም ክፍት አልነበረም። እንደ መስኮት ጥልፍልፍ ተደርጎ በተቀረጸ ብራና ይሸፈን ነበር፤ አንዳንዱ ብራና በደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ይወርዳል። በቬኒስ ማቴዎ ሴላስ፣ በፓሪስ የቮቦአም ቤተሰብ፣ በሐምቡርግ ዮአኪም ቲልከ በዝሆን ጥርስ፣ በዞጲና በዛጎል ያጌጡ መሣሪያዎች ሠርተዋል። በቫዮሊኑ ዓለም የሚያውቀው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪም ጊታር ሠርቷል፤ በ1700 የሠራው አንዱ በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ፣ ቨርሚሊየን ከተማ ባለው ብሔራዊ የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። በዚያ ዘመን ዛጎሉ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በጥቁር ማጣበቂያ ውስጥ ነበር፤ ዛጎሉ የሚገባበት ቦይ በትክክል ባይገጥም እንኳ ጥቁሩ ክፍተቱን ይሸፍነዋል። 18ኛው ክፍለ ዘመን ሲያበቃ አውታሩ ነጠላና ስድስት ሆነ። ብራናው ተነሣ፣ ቀዳዳው ተከፈተ። ጌጡ ሁሉ ወደ ዙሪያው ቀለበት ተሰበሰበ።

ማርቲን ያደገበት አካባቢ ከዛጎል ጋር የቆየ ትውውቅ ነበረው። በማርክኖይኪርሸን ጎረቤት በአዶርፍ፣ በነጭ ኤልስተር ወንዝና በገባሮቹ ውስጥ ሉል የሚያወጣ የጣፋጭ ውኃ ዛጎል ይኖር ነበር። የሳክሶኒው መስፍን ቀዳማዊ ዮሃን ጌኦርግ በ1621 የሉል አጠማውን የዘውዱ መብት አድርጎ ጠባቂ ሾመበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አዶርፍ ከዛጎል ጌጣ ጌጥና ቦርሳ የሚሠራባት ከተማ ሆነች። የዚያ ሥራ ሙዚየም ዛሬም እዚያው አለ። ወንዙ ውስጥ ያለው ዛጎል ግን ለመጥፋት ተቃርቧል።

ክርክሩ አናጺዎቹን ጊታር ከመሥራት አላገዳቸውም። ማርቲን ግን በ1833 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ፤ በሐድሰን ጎዳና ቁጥር 196 ሱቅ ከፈተ። መሣሪያም፣ የሙዚቃ ወረቀትም ይሸጥ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1839፣ ከፊላደልፊያ በስተሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ናዝሬት፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ የሞራቪያ ክርስቲያኖች ወደ ቆረቆሯት ጸጥተኛ ከተማ ተዛወረ። በዚያች ከተማ ማንም የሙያ ማኅበር አንተ አናጺ ነህ ብሎ አይከሰውም። ድርጅቱ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

የማርቲን ፋብሪካ ጊታሮቹን በጌጣቸው ልክ በቁጥር ለየ። 18 ቁጥር ቀላልና ጨዋ መስመሮች አሉት። 28 ቁጥር በጠርዙ ላይ የዓሣ አጥንት የሚመስል የእንጨት ጥልፍ ነበረው፤ ጥልፉ ከጀርመን ይመጣ ስለነበር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ክምችቱ ሲያልቅ ለዓመታት ቀረ። 42 ቁጥር ላይ ሲደረስ አባሎኒ በቀዳዳው ዙሪያና በደረቱ ጠርዝ ይገባል። የመሥራቹ የልጅ ልጅ ፍራንክ ሄንሪ ማርቲን፣ አባቱ በ1888 ሲሞት በ22 ዓመቱ ድርጅቱን ተረከበ። በእርሱ ዘመን፣ በ1904፣ 45 ቁጥር መጣ፤ ዛጎሉ በጎንም በጀርባም ዞረ። በዚያው ዘመን የቺካጎው ላዮንና ሂሊ ኩባንያ ዋሽበርን በሚል ስም የሚያወጣቸው ጊታሮችና ማንዶሊኖች አንዳንዶቹ አንገታቸው ሙሉ የሐረግ ሥዕል በዛጎል ይሣልባቸው ነበር። ፍርዴን ልናገር፦ ከእነዚያ ሁሉ የማርቲን 42 ቁጥር ይበልጥብኛል። ዛጎል የሚያምረው ባዶ እንጨት ከብቦት ሲታይ ነው። ወለሉ ሁሉ ዛጎል ከሆነ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

አሁን ወደ ሥራው ጠረጴዛ እንጠጋ፤ ይህ ሥራ በቅርብ ካልታየ ክብሩ አይገባም።

የጊታሩ ደረት አብዛኛውን ጊዜ ስፕሩስ ከሚባል ጥድ መሰል ዛፍ ነው። አንድ ሳንቃ ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ተገልጦ መሐሉ ላይ ይጣበቃል። ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቦዩ የሚቆፈረው በዚህ ስስ ነገር ላይ ነው። ቀለበቱ የሚገባው የድምፅ ቀዳዳው ከመቆረጡ በፊት ነው፤ ምክንያቱም መሐሉ ላይ የምትተከለው አንዲት ሚስማር የክቡ ሁሉ ማዕከል ናት። በድሮ ጊዜ በክብ በሚዞር ቢላዋና በመሮ ይቦረቦር ነበር። ዛሬ በሚስማሯ ዙሪያ የሚሽከረከር ትንሽ የኤሌክትሪክ መፈልፈያ ይጠቀማሉ። የቦዩ ጥልቀት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከዚያ ካለፈ የደረቱ ጉልበት ይቀንሳል። ስፕሩስ ለስላሳ ስለሆነ መፈልፈያው ከጭረቱ ተቃራኒ ሲሄድ ጠርዙን ይቦጭቀዋል። ጠንቃቃ ሠሪ መጀመሪያ በቢላዋ ጠርዙን ይበጣል፣ ቦዩንም ሼላክ በሚባል የእንጨት ቫርኒሽ ይቀባል። ሼላኩ ኋላ የሚፈሰው ሙጫ በእንጨቱ ጭረት ሰርጎ ነጩን ደረት እንዳያቆሽሸው ይጠብቃል።

ዛጎሉ ብቻውን አይቆምም። በግራም በቀኝም ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር ሆነው የሚሄዱ የፀጉር ያህል የቀጠኑ መስመሮች ያስፈልጉታል። መስመሮቹ ከሌሉ ዛጎሉ በነጭ እንጨት ላይ ይጠፋል። ችግሩ እነዚህን መስመሮች ቀጥ አድርጎ አቁሞ በመካከላቸው ለዛጎል እኩል ቦታ መተው ነው። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ቴፍሎን ነው። ምንም ሙጫ ስለማይዘው በዛጎሉ ቦታ በልኩ የተቆረጠ የቴፍሎን ጥብጣብ ይገባል፤ መስመሮቹ ከጎኑ ይጣበቃሉ፤ ሙጫው ሲደርቅ ቴፍሎኑ ተጎትቶ ይወጣል። ንጹሕ ቦይ ይቀራል።

አባሎኒ ጎባጣ ቅርፊት ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ የሚወጣው ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ረጅም ቁራጭ ማግኘት አይቻልም። ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ እንደ ረጅም ይቆጠራል። የቀለበቱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን፣ ዙሪያው ሠላሳ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ ላይ በአንገቱ ላይ ያለው የጣት ሰሌዳ የሚሸፍነው ሲቀነስ ለአንድ ቀለበት አሥራ አምስት ያህል ቁራጭ ይፈጃል። ክቡን ለመከተል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በወርቅ አንጥረኛ ቀጭን መጋዝ እያንዳንዱን ቁራጭ አጎብጦ መቁረጥ ነው። ሁለተኛው ቀጥ ያለውን ቁራጭ በፒንሳ ቀስ ብሎ ቀጨም አድርጎ ወደ ቦዩ መጫን ነው፤ ስንጥቁ በዛጎሉ ሥዕል መካከል ስለሚጠፋ አይታይም።

የቁራጮቹ አቀማመጥ ሙያተኛውን ከጀማሪ የሚለየው ነገር ነው። ዛጎል አቅጣጫ አለው። አንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ተቃራኒ ሆኖ ከተቀመጠ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጨልማል፤ ቀለበቱ የተቆራረጠ ይመስላል። ስለዚህ ሠሪው ሙጫ ከማፍሰሱ በፊት ሁሉንም በደረቅ ደርድሮ፣ መብራቱን ከግራም ከቀኝም እያደረገ ያያል፣ ያገላብጣል፣ ይለውጣል። ጀማሪ ይህን እርምጃ ይዘለዋል። በቂ ጊዜ የሰጠው ሰው ቀለበት ላይ ግን ብርሃኑ ሳይቋረጥ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ይሻገራል።

ከዚያ ቀጭን ሱፐር ግሉ በስንጥቆቹ ውስጥ እንዲሰርግ ይደረጋል፤ ጥንት ከእንስሳ ቆዳ የተፈላ ሙጫ ነበር። ሲደርቅ በሞረድ፣ በመፋቂያ ብረትና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። እዚህም አደጋ አለ፤ ዛጎል ከስፕሩስ እጅግ ይጠነክራል። የብርጭቆ ወረቀቱ በጠንካራ ነገር ካልተደገፈ ለስላሳውን እንጨት እየበላ ዛጎሉን ከፍ ብሎ ይተወዋል። መጨረሻ ላይ የድምፅ ቀዳዳው ይቆረጣል። የቀለበቱ መነሻና መድረሻ በጣት ሰሌዳው ሥር ስለሚደበቅ ቀለበቱ መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው ይመስላል።

የዛጎል ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው። ጭምብል ሳያደርግ ወይም ውኃ ሳያርከፈክፍ ዛጎል የሚቆርጥ ሰው ዕድሜውን እየቆረጠ ነው። ይህን ሥራ ለመሞከር የሚያስብ አንባቢ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን እንዳይረሳ አደራ እላለሁ።

የ45 ቁጥር ታሪክ ወደ ከፍታው የወጣው በኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። በ1933 ኋላ በፊልም ካውቦይነት የታወቀው ዘፋኝ ጂን ኦትሪ፣ ማርቲን ከሚሠራው ትልቁን ጊታር ከሁሉ በበለጠ ጌጥ እንዲሠራለት አዘዘ። ፋብሪካው ድሬድኖት የተባለውን ትልቅ አካል ከ45 ቁጥር ዛጎል ጋር አገናኘ፤ የኦትሪንም ስም በጣት ሰሌዳው ላይ በዛጎል ጻፈ። ዲ-45 የተባለው ጊታር እንዲህ ተወለደ። የኦትሪ ጊታር ዛሬ በሎስ አንጀለስ በስሙ በሚጠራው ሙዚየም አለ። ከ1933 እስከ 1942 የተሠሩት ዲ-45 ጊታሮች 91 ብቻ ናቸው። ጦርነቱ ሥራውን አቆመው። ሰላም ሲመጣም አልተመለሰም፤ እንዲህ ያለ ጌጥ ለመሥራት ጊዜውም እጁም የለም ተብሎ ተተወ።

ሙያው ግን በፋብሪካው ውስጥ ሲተኛ ከውጭ አልሞተም። በ1950ዎቹ ቴነሲ ውስጥ ማይክ ሎንግወርዝ የሚባል ወጣት ራሱን አስተምሮ፣ ሰዎች የሚያመጡለትን ዲ-28 (28 ቁጥር ጌጥ ያለው ድሬድኖት) ጊታር እየፈለፈለ ዛጎል እየከተተ ወደ ዲ-45 መልክ ይለውጥ ጀመር። ማርቲን ጊታሩን እንደገና ለመሥራት ሲወስን በ1968 ይህንኑ ሰው ቀጠረ። ፋብሪካው አንድ ጊዜ የለቀቀውን ጥበብ ከውጭ ሰው ተማረ። ሎንግወርዝ በኋላ የድርጅቱን ታሪክ በመጽሐፍ የጻፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እንደ ስቲቨን ስቲልስና ኒል ያንግ ያሉ ሙዚቀኞች ዲ-45 ይዘው መድረክ ሲወጡ የጊታሩ ዝና በአዲሱ ትውልድ ዘንድ ታደሰ። በ2004 ማርቲን አንድ ሚሊዮንኛ ጊታሩን ሲያወጣ ጌጡን የሠራው የዛጎል ጌጥ ባለሙያው ላሪ ሮቢንሰን ነው። ሥራው የሚያስደንቅ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ያ ጊታር ለሙዚየም የተሠራ ነው። ለእኔ የዚህ ጥበብ ልኩ በተጫዋች ክንድ የተዳሰሰው አሮጌ ጊታር ነው።

ዛጎሉ ከየት መጣ የሚለውን ሳያነሡ ስለ ውበቱ ብቻ ማውራት ደግሞ ተገቢ አይደለም። በቀይ ባሕር የዳህላክ ደሴቶች ሰዎች ለብዙ ዘመን ጠልቀው ሉልና የሉል ዛጎል ሲያወጡ ኖረዋል፤ ንግዱም በምጽዋ በኩል ያልፍ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን የዓለም ትልቁ ማዕከል ምዕራብ አውስትራሊያ ያለችው ብሩም ሆነች። በ1910 ወደ 400 የሚጠጉ ጀልባዎች ነበሯት። አብዛኛው ዛጎል ለልብስ ቁልፍ ይሄድ ነበር፤ ለሙዚቃ መሣሪያ የሚሄደው ከዚያ ጥቂቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአገሩ ተወላጆች በግዴታ እንዲጠልቁ ተደርገዋል። ኋላ የጃፓን ጠላቂዎች መጡ። በጥልቅ ውኃ ሕመምና በማዕበል ያለቁት ብዙ ናቸው፤ በብሩም የጃፓኖች መቃብር ከ900 በላይ ሰዎች ተቀብረዋል።

የአባሎኒ ታሪክ የካሊፎርኒያ ታሪክ ነው። አባሎኒን የሚበላው የባሕር አቆስጣ ለፀጉሩ ሲባል ታድኖ ሊጠፋ ሲቃረብ አባሎኒው ያለ ጠላት በዛ። ሰው የማያልቅ ሀብት መሰለው፤ ሥጋውን በላ፣ ቅርፊቱን ሸጠ። በኋላ ደግሞ አባሎኒውን የሚያከሳ በሽታ ተጨመረበት። በ1997 ካሊፎርኒያ ለንግድ የሚደረገውን አጠማ ዘጋች። በ2001 ነጭ አባሎኒ በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት ተቃርበዋል ተብለው ከተመዘገቡት ፍጥረታት መካከል ገባ፤ አከርካሪ ከሌላቸው የባሕር እንስሳት የመጀመሪያው እርሱ ነው። ከ2014 በኋላ ባሕሩ ሲሞቅና የባሕር ጃርት ሲበዛ የባሕር አረሙ ደን ወደመ፤ ምግቡ የጠፋበት ቀይ አባሎኒም በብዛት አለቀ። ለመዝናኛ የሚደረገው አጠማም በ2018 ተዘጋ።

ጊታር ሠሪዎች ለዚህ መልስ መስጠት ነበረባቸው፤ አንዱን ሰጥተዋል። የዛጎሉን እጅግ ስስ ንጣፍ እየላጡ በሙጫ በማነባበር እንደ ሳንቃ ትልቅ አድርገው መሥራት ጀመሩ። ከአንድ ቅርፊት የሚወጣው ጌጥ በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይበዛል፤ ለመጣል የሚሄደው ቀጭኑም ክፍል ይጠቅማል። አንዳንድ ባህላዊ ሠሪዎች ይህን እንደ ማታለል ያዩታል። እኔ አልስማማም። እውነተኛ ዛጎል ነው፤ ባሕሩንም ያሳርፋል። ከኒውዚላንድ የሚመጣው ፓዋ የሚባለው ሰማያዊ አባሎኒም አጠማው በኮታ የሚመራ ስለሆነ ብዙዎች ወደ እርሱ ዞረዋል።

በርካሽ ጊታሮች ላይ የምናየው ቀለበት ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ወይም የታተመ ወረቀት ነው። በዚህ የሚያፍር ሰው መኖር የለበትም፤ ጊታሩ ያው ይዘምራል። ለመለየት የሚፈልግ ግን ጊታሩን ከመብራት ሥር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘንብል። እውነተኛው ዛጎል ቀለሙ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ መገጣጠሚያዎቹም በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ ይታያሉ። የታተመው አንድ ዓይነት ሥዕል እየደጋገመ ይዞራል።

አሮጌ ጊታር ያላችሁ፣ በተለይም በውጭ አገር ስትኖሩ ገዝታችሁ ወይም ወርሳችሁ ያስቀመጣችሁ፣ ቀለበቱን እስኪ ተመልከቱት። እውነተኛ ዛጎል ከሆነና መሣሪያው ከጥገና በላይ ከተሰበረ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት፤ ቁራጩ በሠለጠነ እጅ ተነሥቶ በሌላ ጊታር ላይ ሊገባ ይችላል። ለንግድ ድንበር የምታሻግሩ ከሆነ ደግሞ ዛጎሉን አስቀድማችሁ አስመዝግቡ፤ በአሜሪካ ለንግድ የሚገባ የዛጎል ጌጥ ያለው መሣሪያ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት መገለጽ አለበት። እንጨት የምትሠሩ ወጣቶች ይህን ጥበብ መማር ከፈለጋችሁ በአባሎኒ አትጀምሩ። በተራ የእንጨት ቀለበት ጀምሩ፤ ቦዩ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣላችሁ ያን ጊዜ ዛጎሉን አንሡ።